ቴኖፎቪር፣ ኤንቴካቪር እና ቬምሊዲ፦ በአንድ ቤተሰብ ሦስት የጉበት መድኃኒት

እናታችን በጉበት ካንሰር ካረፈች በኋላ ሐኪሟ «ልጆቿ በሙሉ ይመርመሩ» አሉን። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ሦስታችንም ሄፓታይተስ ቢ ተገኘብን። በሀገራችን ብዙ ቤት ውስጥ ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ወይም በልጅነት ቤት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሲወለዱ ከተያዙ ሕፃናት ከ10 ዘጠኙ ቫይረሱ ሥር ሰድዶ ዕድሜ ልክ አብሯቸው ይቀራል። ዛሬ ሦስታችንም በየቀኑ አንድ አንድ ክኒን እንውጣለን፤ ክኒናችን ግን አንድ አይደለም። እኔ አዲስ አበባ የቆየውን ቴኖፎቪር፣ 300 ሚሊግራሙን፣ እወስዳለሁ። ወንድም ጋሼ ስኳርና ደም ግፊት ስላለበት ከቴኖፎቪር ወደ ኤንቴካቪር ተዛውሯል። እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፤ እሷ የምትወስደው ቬምሊዲ የሚባለውን አዲሱን ቴኖፎቪር ነው።

ሥራዬ የሂሳብ መምህርትነት ነው። የሦስታችንን የላብራቶሪ ውጤት በአንድ ደብተር የማሰፍረው እኔ ነኝ፦ ቀኑን፣ ቫይራል ሎዱን (በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ ብዛት)፣ ኤኤልቲውን (የጉበት መቆጣት የሚታይበትን ቁጥር)፣ ክሪያቲኒኑን (የኩላሊት ሥራ የሚታይበትን ቁጥር)። ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ለዓረብ ሀገር ጉዞ ተመርምሮ «አንፊት» ተብሎ የተመለሰ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» ይለኛል። ስለዚህ የማውቀውን በደንብ ልጻፈው። የሚያዝላችሁ ግን ሐኪማችሁ ነው፤ የእኔ ጽሑፍ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ያህል ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሦስቱም ቫይረሱን ከሰውነት ነቅለው አያወጡም። ሄፓታይተስ ቢ በጉበት ሴል አስኳል ውስጥ የራሱን ዘር ያስቀምጣል፤ ክኒኖቹ እዚያ ያለውን አይነኩትም። የሚያደርጉት ቫይረሱ እንዳይባዛ መከልከል ነው። ካልተባዛ በደም ውስጥ ያለው ቁጥር ይወርዳል፣ ጉበት መቆጣቱን ይተዋል፣ ጠባሳውም ቀስ በቀስ መሻር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ቴኖፎቪር ለ5 ዓመት ከወሰዱና ሲጀምሩም ሲጨርሱም ከጉበታቸው ናሙና ከተወሰደላቸው 348 ሰዎች 96ቱ መጀመሪያ ላይ ሲሮሲስ፣ ማለትም በጠባሳ የጠነከረ ጉበት፣ ነበረባቸው። ከ5 ዓመት በኋላ ከ96ቱ በ71ዱ ላይ ሲሮሲሱ አልተገኘም። የጠነከረ ጉበት አይመለስም ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ይህን ለወንድም ጋሼ ሳነብለት «እስቲ ደግመሽ አንብቢው» አለኝ።

ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ወዲያው ክኒን ይጀምራል ማለትም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 መመሪያውን አሻሽሎ በሩን ሰፋ አድርጎታል። ቫይራል ሎዱ ከ2,000 በላይ ሆኖ ኤኤልቲው ከፍ ያለ ሰው ሕክምና ይገባዋል ይላል፤ ከፍ ያለ የሚባለው ደግሞ ለወንድ ከ30፣ ለሴት ከ19 በላይ ነው። ብዙ ላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ 40 ድረስ «ኖርማል» ብሎ ስለሚያትም ሴቶች በተለይ ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ጉበቱ ላይ ጠባሳ የታየበት፣ ኤችአይቪም አብሮት ያለበት፣ ከቤተሰቡ በጉበት ካንሰር ወይም በሲሮሲስ የሞተበት ሰውም ይካተታል። እኛን ያስገባን ይህ የመጨረሻው ነው። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «እናቴ በጉበት ነው ያረፈችው» ብላችሁ ተናገሩ። ሳይጠየቅ ቀርቶ ሳይነገር የሚታለፍ ትልቅ መረጃ ነው።

ወደ መድኃኒቶቹ ልግባ፤ ግን ከሦስቱ በፊት ስለ ላሚቩዲን ትንሽ ማለት አለብኝ። ላሚቩዲን ለሄፓታይተስ ቢ የመጀመሪያው ክኒን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የዋህ መድኃኒት ነው፣ ሆድ አይረብሽም፣ ርካሽም ነው። ችግሩ ቫይረሱ በቶሎ ይለምደዋል፤ ለብቻው 5 ዓመት ከወሰዱት ሰዎች እስከ 70 በመቶው ላይ ቫይረሱ መንገዱን አግኝቶ ይነሣል። የአጎቴ ልጅ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሌላ በማይገኝበት ዘመን ጀመረው፣ ለጥቂት ዓመት ሁሉ ነገር ሰላም ሆነ፣ ከዚያ አንድም ቀን ሳያቋርጥ ቫይራል ሎዱ እንደገና ወጣ። ቴኖፎቪር ሲጀምር ነው የተረጋጋው። ዛሬም «ለጉበት ቫይረስ» ተብሎ ላሚቩዲን ብቻውን የሚሸጥለት ሰው አጋጥሞኛል። ለብቻው አትጀምሩት። ዛሬ የሚጎዳው ነገር ባይኖር እንኳ ነገ የሚያስፈልጋችሁን በር ይዘጋል፤ እንዴት እንደሚዘጋ ኤንቴካቪር ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

አሁን የእኔ ቴኖፎቪር። ሙሉ ስሙ ቴኖፎቪር ዲሶፕሮክሲል ነው፤ ማዘዣ ላይ «ቲዲኤፍ 300» ተብሎ ይጻፋል። ለኤችአይቪ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ለሄፓታይተስ ቢ በ2008 ነው አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል። እኔ ጠዋት ቡና ከመፍላቱ በፊት በውኃ እውጠዋለሁ፤ በጾምም በፍስክም ሰዓቱ አይዛነፍም። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ያቅለሸልሸኝ ነበር፣ ከዚያ ጠፋ። ትልቁ ጥንካሬው ግን ቫይረሱ አለመልመዱ ነው። እስከ 8 ዓመት በተከታተሉት ጥናት ለቴኖፎቪር የማይበገር ቫይረስ ያፈራ ሰው አልተገኘም። ላሚቩዲንን ካየ ሰው ጋር ስትኖሩ ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ታውቁታላችሁ። በደብተሬም ያለው ይኸው ነው፤ ቫይራል ሎዴ ከወረደ በኋላ «አልታየም» የሚለው ቃል ነው በየመስመሩ የሚደጋገመው።

ስለ ዕቃው ልናገር፤ ማንም ስለማይነግራችሁ። ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው፣ ውስጡ 30 ፍሬ። ክዳኑን ተጭናችሁ ስታዞሩ ነው የሚከፈተው። ውስጡ እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት ወይም እንክብል አለ፤ ቴኖፎቪር እርጥበት ስለማይወድ ነው። አንዳንድ መድኃኒት ቤት ብልቃጡን ከፍቶ በወረቀት ፖስታ ቆጥሮ ይሰጣል። አትቀበሉ፤ «ከነብልቃጡ ስጡኝ» በሉ። ቤትም ስታስቀምጡ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ እንፋሎት በሚመታበት ቦታ አታድርጉት። ጊዜው የሚያበቃበትን ቀንም እዚያው ቆማችሁ አንብቡ፤ የሦስት ወር ስትገዙ የሦስቱንም ብልቃጥ ቀን እዩ።

ስለ ብልቃጡ ሌላም የሚከብድ ነገር አለ። ቴኖፎቪር ለኤችአይቪም ስለሚሰጥ ስሙን የሚያውቅ ሰው ብልቃጡን ካየ የራሱን ታሪክ ይሠራል። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ከቦርሳዬ ስጥለው አንዲት ባልደረባዬ አንሥታ አነበበችው፣ ፊቷ ተለወጠ። «ለጉበት ቫይረስ ነው፣ እናቴን የገደላት» አልኳት። እሷም ሌላ ጊዜ ወንድሟን አስመረመረች። ብልቃጡን ፈርተው መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምጽፈው። የኤችአይቪ ሕክምና ቴኖፎቪር ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር ተዋህዶ የሚሰጥ ነው፤ ቴኖፎቪር ብቻውን ኤችአይቪን አያክምም። ለዚህም ነው የጉበት መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ የሚታዘዝላችሁ። አትቆጡ፤ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሳይታወቅ አንዱን መድኃኒት ብቻ ቢጀምር ኤችአይቪው ይለምደዋል።

የቴኖፎቪር ደካማ ጎኑ ኩላሊትና አጥንት ነው። አብዛኛው ሰው ላይ ምንም አያመጣም፤ እኔ ላይም አላመጣም። ግን ከ50 ዓመት በላይ የሆነ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ ኩላሊቱ ቀድሞ የተነካ ሰው ላይ ክሪያቲኒን ቀስ እያለ ሊወጣ ይችላል። አንዳንዴም ኩላሊት ፎስፌትን በሽንት ያባክናል፣ አጥንትም ይሳሳል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ክሪያቲኒንና የሽንት ፕሮቲን ማየት። አንድ ሰው ሁሌ የሚዘነጋው ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ነው። እኛ ሀገር ወገብ ባመመ ቁጥር የዲክሎፌናክ መርፌ ወይም ክኒን ነው። ዲክሎፌናክና መሰሎቹ በብዛት ሲወሰዱ ከቴኖፎቪር ጋር ተደርበው ኩላሊትን ይጎዳሉ። ወንድም ጋሼ ለጉልበቱ ዲክሎፌናክ ይወስድ ነበር፤ ክሊኒኩም ሰጪውም ሌላ ምን እንደሚወስድ አልጠየቁትም። በደብተሬ ላይ የክሪያቲኒኑ ቁጥር ከቀጠሮ ቀጠሮ አንድ ደረጃ አንድ ደረጃ ሲወጣ ነው የታየኝ። የጉበት ሐኪሙ አይተው ዲክሎፌናኩን ወዲያው አስቆሙት፣ ክኒኑንም ወደ ኤንቴካቪር ቀየሩለት።

ቴኖፎቪርን ለሴቶች ልዩ የሚያደርገው እርግዝና ነው። ልጄን ያረገዝኩት እየወሰድኩት ነው፤ አላቋረጥኩም፣ ጡትም አጥብቻለሁ። ከመድኃኒቶቹ መካከል በእርግዝና የሚመረጠው እሱ ነው። መድኃኒት ላይ ያልነበረች እናት እንኳ ቫይራል ሎዷ 200,000 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከሁለተኛው ሦስት ወር ጀምሮ እንድትወስድ ይመከራል፤ ዓላማው ወደ ልጁ እንዳይተላለፍ ነው። ከዚህ ጋር ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት ማግኘት አለበት። ሀገራችን ውስጥ ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ባለ አምስቱ ክትባት ሄፓታይተስ ቢንም ይዟል፤ ነገር ግን እናቱ ቫይረሱ ላለባት ሕፃን 6 ሳምንት ረጅም ነው። ስለ ወሊድ ቀን ክትባት ከመውለዳችሁ ወራት ቀድማችሁ ጠይቁ፣ የት እንደሚገኝ አረጋግጡ፣ ለባለቤታችሁም ንገሩት። ምጥ ከያዘ በኋላ የሚፈለግ ነገር አይደለም። እኔ እንዲህ ስላደረግሁ ልጄ ተከተበች፣ በኋላም ስትመረመር ነፃ ሆና ተገኘች። እናታችን ይህ ዕድል አልነበራትም።

ኤንቴካቪር። የወንድም ጋሼ ክኒን ትንሽ ናት፣ 0.5 ሚሊግራም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈቀደች። ቫይረሱን በማውረድ ከቴኖፎቪር የምታንስ አይደለችም። ላሚቩዲን ወስዶ የማያውቅ ሰው ላይ በ5 ዓመት ውስጥ ቫይረሱ የሚለምዳት 1.2 በመቶ ያህሉ ላይ ብቻ ነው። ኩላሊትንና አጥንትን አትነካም፤ የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ50 ሚሊሊትር በታች ከወረደ ግን መጠኗ ይቀነሳል ወይም በየሁለት ቀኑ ትሰጣለች። ወንድም ጋሼ ከተዛወረ በኋላ ክሪያቲኒኑ መውጣቱን አቆመ፣ ቫይራል ሎዱም እንደወረደ ቀረ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ኤንቴካቪርን እመርጥ ነበር።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛው ሆድ ባዶ መሆን አለበት፤ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላና ከሚቀጥለው ምግብ ሁለት ሰዓት በፊት። ከምግብ ጋር ከተዋጠች ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ወንድም ጋሼ እራቱን 1 ሰዓት በልቶ 4 ሰዓት ላይ፣ ሊተኛ ሲል ይውጣታል። ስልኩ ላይ ደወል አለው። እንግዳ ሲመጣና እራት ሲመሽ ነው ፈተናው፤ ባለቤቱ እትዬ ግን ጥብቅ ናቸው፣ «ክኒንህ አለ» ብለው ቀድመው ያቀርቡለታል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ጠዋት መዋጥም ይመቻል። የሙስሊም ጎረቤታችን ልጅ ደግሞ በረመዳን ካፈጠረ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይወስዳታል፣ ከዚያ ቀጥሎ ሁለት ሰዓት ምንም አይበላም።

ሁለተኛው ቅድም የተናገርኩት በር ነው። ላሚቩዲን ወስዶ ቫይረሱ ለለመደበት ሰው ኤንቴካቪር ደካማ ናት። መጠኗ ወደ 1 ሚሊግራም ቢጨመር እንኳ በ5 ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ላይ ቫይረሱ ይለምዳታል። ስለዚህ ሐኪም «ከዚህ በፊት ላሚቩዲን ወስደሃል?» ሲል በደንብ አስታውሳችሁ መልሱ፤ የድሮ ማዘዣ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የአጎቴ ልጅ ኩላሊቱ ቢታመም እንደ ወንድም ጋሼ ወደ ኤንቴካቪር መሻገር አይችልም።

ከመድኃኒቱ ከራሱ ይልቅ ያስቸገረን ግን መገኘቱ ነው። ኤንቴካቪር እንደ ቴኖፎቪር በየመድኃኒት ቤቱ የለም። አንድ ጊዜ ሁሌ የምንገዛበት ቤት «ሰኞ ይገባል» እያለ ሳምንታት አለፉ፤ ሦስት ክፍለ ከተማ ዞሬ ነው በመጨረሻ ያገኘሁት። የጉበት መድኃኒት ላይ መቋረጥ ቀልድ አይደለም። ሦስቱም በድንገት ሲቆሙ ቫይረሱ ተመልሶ ሊነሣ፣ ጉበትም በኃይል ሊቆጣ ይችላል፤ ሲሮሲስ ያለበት ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል። አምራቾቹ ራሳቸው በመረጃ ወረቀቱ አናት ላይ በጥቁር ሣጥን የሚያስጠነቅቁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት ሁሌ የአንድ ወር ትርፍ አለ፤ የተከፈተው ብልቃጥ ሳያልቅ ያልተከፈተ መኖር አለበት።

ቬምሊዲ። ይህም ቴኖፎቪር ነው፤ ልዩነቱ የተጠቀለለበት መንገድ ነው። ቴኖፎቪር አላፌናሚድ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የእኔ ክኒን ደም ውስጥ ገብቶ ነው የሚፈታው፤ እህቴ የምትወስደው ግን እንደተቋጠረ ጉበት ሴል ውስጥ ይገባና እዚያ ይፈታል። በዚህ ምክንያት 25 ሚሊግራም ብቻ ይበቃዋል፤ በደም ውስጥ የሚዞረው ቴኖፎቪርም ከእኔ ክኒን ጋር ሲነጻጸር በ89 በመቶ ያንሳል። ኩላሊትና አጥንት የሚተርፉት ለዚህ ነው። ቫይረሱን በማውረድ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። ይህን አስምሩበት፤ «አዲሱ ስለሆነ ቫይረሱን የበለጠ ይገድላል» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። እህቴ ቴኖፎቪር 300 ስትወስድ ቆይታ የአጥንት ጥግግት ምርመራ ሲያደርጉላት መሳሳት ታየባት፤ ሐኪሟ የቀየሩላት ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ አጥንቷ ተሻሽሏል። ኮሌስትሮሏ ትንሽ ወጥቷል፣ ኪሎም ጨምራለች፤ ይህ በቬምሊዲ ላይ የሚታይ ነገር ስለሆነ ይከታተሉላታል።

ቬምሊዲ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው፤ የኤንቴካቪር ተቃራኒ። እህቴ ከእራት ጋር አድርጋዋለች፣ ጾምም አይነካባትም። እዚህ ሀገር ላለ ሰው ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለበት ግን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ከቬምሊዲ ጋር አብሮ አይሰጥም፤ አቅሙን ያዳክመዋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም እንዲሁ። የቲቢ ሕክምና ስትጀምሩ የጉበት ክኒናችሁን ስም ተናገሩ። የእኔ ዓይነቱ ቴኖፎቪር ከሪፋምፒሲን ጋር ይህ ችግር የለበትም፤ ቲቢ በበዛበት ሀገር ይህ ትልቅ ነጥብ ነው።

ዋጋውስ? አሜሪካ ውስጥ የአንድ ወር ቬምሊዲ የተጻፈበት ዋጋ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። እህቴ ኢንሹራንስ ስላላት ከኪሷ የምትከፍለው ጥቂት ነው፤ ሥራ ስትቀይር ግን አዲሱ ኢንሹራንስ «መጀመሪያ ርካሹን ትሞክር» ብሎ ሐኪሟ ደብዳቤ እስኪጽፉ ድረስ አንገላታት። የእኔ ክኒን በዓለም ገበያ መነሻ ዋጋው በወር 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ላይ ግን መረጃ ከሰጡት 26 ሀገሮች በዚህ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች የሚገዙት 7ቱ ብቻ ናቸው። የግል መድኃኒት ቤት የምገዛበትን ደረሰኝ ባየሁ ቁጥር ይህች ቁጥር ትቆጨኛለች። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ ተሰቅሏል። እኛ ሀገር ግን የሚያኮራ ሥራም ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ከ1,300 በላይ ሰዎች መዝግቦ ቴኖፎቪር ለሚገባው ሰጥቶ ተከታትሏል። በእኛ አቅም፣ በእኛ ላብራቶሪ ይቻላል ብሎ ለአፍሪካ ያሳየ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው «ከአሜሪካ ቬምሊዲ ላኩልኝ» ይላል። ኩላሊቱ ጤነኛ፣ አጥንቱም ደህና የሆነ ሰው በሻንጣ በሚመጣ መድኃኒት ላይ ባይንጠለጠል እመርጣለሁ። መንገደኛው ሲዘገይ፣ ጉምሩክ ሲይዝ፣ ላኪው ሲቸገር ክኒኑ ይቋረጣል፤ የሚቋረጥ ቬምሊዲ ደግሞ ሁሌ ከሚገኝ ቴኖፎቪር ያነሰ ነው። ቴኖፎቪር ብቻውን ከጠፋ እንኳ ከላሚቩዲን ጋር የተዋሐደው ክኒን በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ላይ እንደ አማራጭ ተፈቅዷል። መድኃኒት ቤት ያንን ሲሰጣችሁ አትደንግጡ፤ ግን ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትለውጡ።

በመርፌ የሚሰጠው ኢንተርፌሮንም አለ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 48 ሳምንት። የሚያልቅበት ቀን ስላለው ያጓጓል። ትኩሳቱ፣ የደም መቀነሱና የመንፈስ ጭንቀቱ ግን ከባድ ነው፤ የሚጠቅመውም ጥቂቱን ነው፤ ጉበቱ ለተዳከመ ሰውም አደገኛ ነው። እኛ ቤት አልሞከርነውም።

ከቴኖፎቪርና ከኤንቴካቪር የትኛው ካንሰርን የበለጠ ይከላከላል ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኮሪያ የወጣና ከ24,000 በላይ ሰዎችን ያየ ጥናት ቴኖፎቪርን አስበልጧል። ከዚያ በኋላ የወጡ ሌሎች ጥናቶች ልዩነት አላገኙም። ወንድም ጋሼ ይህን ሰምቶ «ወደ ቴኖፎቪር መልሱኝ» ብሎ ነበር፤ ሐኪሙ «በእርግጠኝነት የማውቀው ኩላሊትህን ነው» አሉት። ማንኛውንም ክኒን ብንውጥ የካንሰር አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ እኔና ወንድም ጋሼ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ እንነሣለን። ቫይራል ሎዳችሁ «አልታየም» ስላለ አልትራሳውንዱን አትተዉ፤ የእናታችን ዕጢ ሲገኝ ትልቅ ሆኖ ነበር፣ ከዚያ በፊት ማንም ጉበቷን በመሣሪያ አላየላትም።

ጠበል የምትሄዱ ሰዎች ክኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔም እሄዳለሁ፤ ጠዋት ክኒኔን ውጬ እጠመቃለሁ። ለወፍ በሽታ ነው ተብሎ የሚሰጥ የተቀቀለ ሥር ግን አትጠጡ፤ ምን እንዳለበት አይታወቅም፣ የሚያጣራውም ያው የታመመው ጉበት ነው።

እህቴ በሚቀጥለው ዓመት ጠቅልላ ወደ አዲስ አበባ ልትገባ ነው፤ የመድኃኒቷ ጉዳይ ከዕቃዋ በፊት ነው የተነሣው። ሐኪሟ ከመምጣቷ በፊት የአጥንት ጥግግቷንና ክሪያቲኒኗን እንደገና ያያሉ። አጥንቷ አሁንም የሳሳ ከሆነ ወደ እኔ ክኒን አይመልሷትም፤ ላሚቩዲን ወስዳ ስለማታውቅ ኤንቴካቪር ትሆናለች። አጥንቷ በደንብ ከተመለሰ ግን እዚህ ሁሌ የሚገኘውን ቴኖፎቪር 300 ትጀምራለች፣ በየ6 ወሩ ኩላሊቷ እየታየ። በሁለቱም መንገድ የመጨረሻዋን ቬምሊዲ በዋጠችበት ማግስት አዲሱን ትውጣለች፤ በመካከል አንድ ቀን አይዘለልም። እኔ ደግሞ ከአሁኑ የምንገዛበትን መድኃኒት ቤት አነጋግሬአለሁ፦ የሁለት ወር ቴኖፎቪር፣ የሁለት ወር ኤንቴካቪር፣ ከነብልቃጡ።